ላ ፕላኔት ሶቫዥን በብሉ ሬይ ጅማ ውስጥ ያየ አለ? ማጫወቻም፣ የትርጉም አጋዥም እፈልጋለሁ

የሒርማታ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ መጣች። ከሻንጣዋ ቸኮሌትና ጫማ ስታወጣ ቆይታ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ሣጥን ሰጠችኝ። ላ ፕላኔት ሶቫዥ ነው። በእንግሊዝኛ ፋንታስቲክ ፕላኔት የሚባለው። ክራይቴርዮን የሚባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ በ2016 ያወጣው ብሉ ሬይ። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ፊልም ነው። ሣጥኑን ሳልከፍት አንድ ቀን ሙሉ ይዤው ዋልኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ እያለሁ ነው። ዶርም ውስጥ አንድ ልጅ ፍላሽ ላይ ነበረው። የፋይሉ ስም «አኒሜሽን 14» ይላል እንጂ የፊልሙን ስም አይናገርም። ምስሉ የደበዘዘ ነው። ድምፁ እንግሊዝኛ ነው። ስምንት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን አየነው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ፋይሉ ተበላሽቶ ቀጥ አለ። ማንም ምንም አልተናገረም። ሁሉም ወደ አልጋው ሄደ። እኔን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጨረሻውን እስካሁን አላየሁትም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ማየት እችል ነበር። ግን በደንብ ነው የማየው ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ስለዚህ እባካችሁ መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ።

አሁን ችግሬን ልንገራችሁ። ከዱባይ የመጣ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ከጎረቤት ተዋስኩ። ዲስኩን ሳስገባው ለዚህ ክልል አይሆንም የሚል ጽሑፍ መጣና በዚያው ቀረ። ሌላው ጉዳይ ደግሞ የአማርኛ ሰብታይትል ልሠራለት ነው። ግቢያችን ውስጥ ነጭ ግድግዳ አለ፣ ፕሮጀክተርም አገኛለሁ። ለሰፈር ሰው ላሳየው እፈልጋለሁ። የሚረዳኝ አለ?

ቡና_ጠጡ · ማክሰኞ ማታ 2፡58

የልጆች ካርቱን ነው እንዴ? ምንድነው ታሪኩ?

የሒርማታ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

የልጆች አይደለም። የሳይንስ ልብወለድ ነው። 72 ደቂቃ ነው የሚረዝመው። ዳይሬክተሩ ረኔ ላሉ፣ ሠዓሊው ሮላን ቶፖር ናቸው። ሁለቱም ፈረንሳውያን። መነሻው በ1957 የወጣ ልብወለድ ነው። ደራሲው ስቴፋን ቩል በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረ የጥርስ ሐኪም ነው።

ኢጋም የምትባል ፕላኔት አለች። ነዋሪዎቿ ድራግ ይባላሉ። ሰማያዊ ቆዳ፣ ቀይ ዓይን ያላቸው ግዙፍ ፍጡሮች ናቸው። እኛ ሰዎች እዚያ ኦም ነው የምንባለው። ለድራግ ኦም ማለት ለእኛ እንደ አይጥ ነው። አንዳንዱ ቤት ውስጥ አንገቱ ላይ ቀለበት ታስሮለት መጫወቻ ይሆናል። የቀረው ዱር ውስጥ ይራባል። ሲበዛ ይጨፈጭፉታል።

አጀማመሩን ብቻ ልንገርህ። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ትሮጣለች። ዳገት ትወጣለች። ከላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጣት መጥቶ ገፋ ያደርጋታል። ትንከባለላለች። እንደገና ትነሳለች። አሁንም ጣቱ ይመጣል። በዚህ ብትሄድ ይዘጋባታል፣ በዚያ ብትሄድ ይዘጋባታል። ከዚያ ሁለት ጣት ብድግ አድርጎ ከላይ ይለቃታል። ሞተች። ካሜራው ወደ ላይ ሲያይ ነው ገዳዮቹ የድራግ ልጆች መሆናቸውን የምናውቀው። የከፋቸው መጫወቻቸው ስለቆመባቸው ነው። ልጅ ሆነን ጉንዳን በእንጨት መንገድ ስንዘጋበት የዋልነው ሁሉ ነው የታወሰኝ።

ሕፃኑን ቲዋ የምትባል የድራግ ልጅ ወሰደችው። ቴር ብላ ስም አወጣችለት።

ጠጋኙ_መርካቶ · ማክሰኞ ማታ 4፡05

ወንድሜ፣ ማጫወቻው ምንም አልሆነም። መልሰህ እንዳትወቅሳቸው። ብሉ ሬይ ዓለምን በሦስት ክልል ከፍሎ ነው የሚሸጠው፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። አሜሪካ ኤ ውስጥ ነው። አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ ውስጥ ናቸው። የአንተ ዲስክ ለኤ ተቆልፎ የተሸጠ ነው። ከዱባይ የመጣው ማጫወቻ ደግሞ ቢ ነው።

ዲቪዲ አከፋፈሉ ሌላ ነው። እሱ ላይ ኢትዮጵያ 5 ቁጥር ነች። ሰው ሁለቱን እያምታታ ነው ገንዘቡን የሚያጠፋው።

እንግሊዝ አገር ዩሬካ የሚባል አሳታሚ በማስተርስ ኦፍ ሲኒማ ስም ይህንኑ ፊልም በ2006 በዲቪዲ፣ በኋላም በብሉ ሬይ አውጥቶታል። እህትህ ለንደን ብትሆን ኖሮ ዲስኩ አሁን ይሠራልህ ነበር።

ላፕቶፕህ ያለው ተራ የዲቪዲ ድራይቭ ከሆነ ዝም ብለህ አትሞክር፣ አያነበውም። ዲቪዲ የሚነበበው በቀይ ጨረር ነው። ብሉ ሬይ የሚነበበው በጣም ቀጭን በሆነ ሰማያዊ ጨረር ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጨረሩ ስለቀጠነ ነው አንዱ ገጽ 25 ጊጋባይት የሚይዘው። አንድ የዲቪዲ ገጽ 4.7 ነው። ሱቄ ውስጥ በዩኤስቢ የሚሰካ የብሉ ሬይ ድራይቭ አለኝ። በኮምፒውተር ሲሆን ክልሉ የሚመረጠው ማጫወቻ ፕሮግራሙ ላይ ነው፣ ኤ ላይ እናደርገዋለን። ሐሙስ ከሰዓት ዲስኩን ይዘህ ና። ገንዘብ አልፈልግም። እኔም ልየው።

የሒርማታ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 4፡11

ጋላቶማ! ሐሙስ እመጣለሁ።

ጋሽ_ጅሬን · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ይህን ፊልም እኔ ፕራግ ነው ያየሁት። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልኬ። በቼክኛ ዲቮካ ፕላኔታ ይሉታል። ታሪኩን የጻፉት ፈረንሳዮቹ ቢሆኑም ሥራው የተሠራው እዚያው ፕራግ፣ ይሪ ትርንካ በሚባለው ስቱዲዮ ነው። የሁለቱ አገሮች የጋራ ሥራ ነው። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ ልዩ ሽልማት ያገኘው በግንቦት 1973 ነው። በእኛ ግንቦት 1965 መሆኑ ነው። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር።

ፊልሙን አብሮኝ ያየው የክፍል ጓደኛዬ ቼክ ነበር። ስንወጣ መንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትልቁ ትንሹን ሲረግጠው አየህ?» አለኝ። በነሐሴ 1968 የሶቪየት ታንኮች ከተማቸው ውስጥ ሲገቡ ልጅ ነበር። ብዙ ሰው ፊልሙን በዚያ ዓይን ነው የሚያየው። እኔ ግን ያን ጊዜም አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም። መጽሐፉ ከታንኩ 11 ዓመት ቀድሞ ነው የተጻፈው። ታሪኩ የአንድ አገር አይደለም። እኔ ደግሞ ድራጎቹን አይቼ የጥንት ባላባት ግቢ ነው ትዝ ያለኝ። ባላባቶቹ ክፉ አልነበሩም። ዘመድ ሲታመም ያለቅሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ልጆቻቸውን ይወዳሉ። ከበታቻቸው ያለው ግን ሰው መስሎ አይታያቸውም። ድራጎቹም ቁጭ ብለው ረጅም ሰዓት በተመስጦ ይቆያሉ። የተማሩ፣ ጨዋዎች ናቸው። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።

አወይቱ_ዳር · ረቡዕ ጠዋት 3፡15

ጋሼ ያነሱት ነገር ትልቅ ነው። እኔ ሥዕል አስተማሪ ነኝና ስለ አሠራሩ ልናገር።

ይህ ፊልም እንደ ተለመደው ካርቱን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ አዲስ ተስሎ አይደለም የተሠራው። ወረቀት ላይ ተስሎ፣ ተቆርጦ፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው። እጁ ለብቻ፣ ጭንቅላቱ ለብቻ ይቆረጣል። ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚያልፈው። 72 ደቂቃውን አባዙት። ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ድራጎቹ ሲራመዱ ለምን እንደዚያ ዝግ ብለው፣ ደረቅ ብለው እንደሚሄዱ አሁን ይገባችኋል። ወረቀት ናቸው። ይህ ድርቀት ደግሞ ለታሪኩ በጣም ነው የተስማማው። ለድራግ አንድ ሳምንት ለኦም አንድ ዓመት ነው። ቲዋ ገና ልጅ እያለች ቴር ጎረምሳ ሆኗል።

ከኢንተርኔት የወረደው ኮፒ ላይ የማይታይ ነገር አለ። ቶፖር ጥላ የሚሠራው በቀለም አይደለም። በቀጫጭን የብዕር መስመር ነው፣ መስመር በመስመር ላይ እያቋረጠ። የቲዋን ጉንጭ በደንብ በተዘጋጀ ቅጂ ስታዩት መስመሮቹን መቁጠር ትችላላችሁ። የወረቀቱ ሸካራነት ይታያል። የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ በጣም ቀጭን ጥላ አለ። በደበዘዘው ኮፒ ላይ ይሄ ሁሉ ጭቃ ነው የሚሆነው። ተማሪዎቼን በእርሳስ እንዲህ ጥላ ስጡ ስላቸው ሰነፎቹ በጣታቸው ያሻሹታል። ይህን ፊልም ባሳያቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ላሉ ወደ ፊልም የገባው በአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ውስጥ ሲሠራ ነው። በ1960 የሠራውን አጭር አኒሜሽን ታሪኩን የፈጠሩት ራሳቸው ታማሚዎቹ ናቸው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው የፕላኔቷ ዕፅዋትና አራዊት ለምን እንደዚያ እንደሆኑ የተረዳሁት። አንድ ትዕይንት አለ። አፍንጫው ረጅም የሆነ እንስሳ በጎጆ ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ የሚበሩትን ትንንሽ ፍጡሮች እየያዘ መሬት ላይ ይፈጠፍጣል። አይበላቸውም። ይስቃል። ከታሪኩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እኔ ግን ከሁሉ እሱን ነው የማልረሳው።

ጠጋኙ_መርካቶ · ረቡዕ ጠዋት 3፡40

ስለ ቅጂ ከተነሳ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምስሉን ስክሪኑ እንዲሞላ ብላችሁ አትለጥጡት። ፊልሙ ከዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ትንሽ ጠበብ ያለ ነው፣ 1.66 ለ1። ግራና ቀኝ ጥቁር ሲታይ ትክክል ነው። ከለጠጣችሁት ድራጎቹ ይወፍራሉ።

ሁለተኛ፣ የአውሮፓ ዲቪዲ ያለው ሰው ፊልሙ 69 ደቂቃ ነው ሊላችሁ ይችላል። ምንም አልተቆረጠም። ፓል የሚባለው የአውሮፓ ዲቪዲ በሰከንድ 25 ምስል ነው የሚያጫውተው፣ ፊልሙ የተነሳው በ24 ነው። ስለዚህ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሙዚቃውም ትንሽ ይቀጥናል። ብሉ ሬዩ ግን በራሱ ፍጥነት በ24 ነው የሚሄደው።

ቦሳ_ቤዝ · ረቡዕ ቀን 7፡50

ሙዚቃው ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም። ያቀናበረው አላን ጎራጌር ነው። እኔ ፊልሙን ከማየቴ ሁለት ዓመት በፊት ሙዚቃውን ነው የሰማሁት። ጊታሩ በዋዋ ፔዳል ያለቅሳል። ከሥሩ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ፍሉት አለ። ቤዙ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። አንድ ዜማ ነው፣ ደጋግሞ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር ግን ልብሱን ቀይሮ ነው።

መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ የሙላቱ ነው» ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርኩ። አልነበረም። ግን ጆሮዬ ብዙም አልሳተም። ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ጅማ በ1943 በፈረንጆቹ የተወለደ ሰው ነው። ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ የተባለውን አልበም ኒውዮርክ የቀረጸው በ1972 ነው። ይህ ፊልም የወጣው በ1973 ነው። አንዱ ሌላውን አልሰማም። ግን ያ ዘመን የሚተነፍሰው አየር አንድ ነበር፣ ያው ዋዋ ፔዳል፣ ያው ዘገምተኛ ቤዝ፣ ያው ጭጋግ የመሰለ ድምፅ። በኋላ ደግሞ የሂፕ ሆፕ ልጆች ሁለቱንም እየቆረጡ ወስደዋል።

ድምፁ ሞኖ ነው፣ ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ ድምፅ። ዲስኩ ላይ ሳይጨመቅ ነው የተቀመጠው። ሁለት ስፒከር አቁማችሁ «አንዱ አልሠራም» እንዳትሉ። ለግድግዳው ማሳያ የእኔን ስፒከር አመጣለሁ።

ቡና_ጠጡ · ረቡዕ ቀን 9፡10

እኔ አሁን ጓጓሁ። ግን ሰብታይትል ምን ያስፈልጋል? እንግሊዝኛ ድምፅ አለው አይደል? እሱ ይበቃል።

የሒርማታ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 1፡25

አዎ፣ ዲስኩ ላይ ፈረንሳይኛውም እንግሊዝኛውም አለ። እንግሊዝኛው የተሠራው ሮጀር ኮርማን አሜሪካ ውስጥ ሲያከፋፍለው ነው። መጥፎ አይደለም። ግን እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ጎረቤታችን እትዬም አይሰሙም። ለእነሱ ነው የምሠራው።

ሥራውን ጀምሬዋለሁ። ሦስት ቦታ ላይ ተይዣለሁ።

መጀመሪያ «ኦም» የሚለው ቃል። ፈረንሳይኛ ሰሚ ኦም ሲባል «ሰው» የሚል ቃል ነው የሚሰማው፣ ድምፁ አንድ ነው። ቴር የሚለውም ስም ምድር ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ነው። አማርኛ ላይ ኦም ብዬ ካለፍኩት ለእናቴ ባዶ ድምፅ ነው።

ሁለተኛ አንተና እርስዎ። ቲዋ አባቷን ምን ብላ ትጥራው? ድራጎች እርስ በርስ እንዴት ይነጋገሩ? ፈረንሳይኛውን በደንብ ስለማላውቅ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነው የምነሳው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ይሄን አይነግረኝም።

ሦስተኛ አማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰብታይትል ላይ ከተከፈለ፣ የመጀመሪያው ላይ ማን፣ ምን፣ የት እያልክ ትቆይና ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጽሑፉ ይጠፋል።

ጋሽ_ጅሬን · ረቡዕ ማታ 2፡00

«ሰብ» በለው። ግዕዙ ሰብእ ነው። ሰው ይመስላል፣ ግን የተጣመመ ሰው ነው። የሩቅ ባዕድ የእኛን ስም ሲጠራ እንዲህ ነው የሚሆነው። ብዙውን «ሰቦች» በለው።

ቲዋ አባቷን «አባባ፣ እርስዎ» ትበለው። የተከበረ ሹም ነው። በጨዋ ቤት ልጅ አባቷን አንተ አትልም።

ቡና_ጠጡ · ረቡዕ ማታ 2꞉04

በአፋን ኦሮሞ ነማ ነው። እሱንም ለሚቀጥለው ሥራ ያዙልኝ፣ የኦሮምኛውን ሰብታይትል እኔ እሞክራለሁ።

አወይቱ_ዳር · ረቡዕ ማታ 2፡30

ዓረፍተ ነገሩን ቁረጠው። አንድ ሰብታይትል አንድ ግሥ። «ያሳደገችው ልጅ ጥላው ስትሄድ ያየውን» ብለህ አትጀምር። «ልጅቷ አሳደገችው። ከዚያ ረሳችው።» በቃ።

ድራጎች ሰቦቹን የሚገድሉበትን ዘመቻስ ምን አልከው?

የሒርማታ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡41

እስካሁን «ሰብን የማስወገድ ሥራ» ነው ያልኩት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። የቢሮ ደብዳቤ መሰለ።

አወይቱ_ዳር · ረቡዕ ማታ 2፡50

የሚገድሏቸው በጭስ አይደል? «ፀረ ሰብ ርጭት» በለው። ልጅ እያለን የወባ ርጭት ሲመጣ ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። ግድግዳው ላይ ምልክት ይጻፋል። ትንኞቹን ማን አሰባቸው? «ርጭት» ስትል እናትህ ወዲያው ይገባታል።

የሒርማታ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡52

አንጀቴን አራስሽው። ፀረ ሰብ ርጭት ብዬ ጻፍኩት።

የሐያት_እናት · ሐሙስ ጠዋት 2፡15

ለግድግዳው ማሳያ ልጆች ይመጣሉ እንዴ? እባካችሁ አስቡበት። የስምንት ዓመት ልጄ ከወንድሜ ስልክ ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ አየችው። ካርቱን መስሎት ነው የከፈተላት። ሴትየዋ ስትወድቅ ማልቀስ ጀመረች። ማታ «እማዬ፣ እኛንም ከላይ የሚያየን ሰው አለ?» አለችኝ። በኋላ ላይ ደግሞ እርቃን የሆኑ ሥዕሎች አሉ። ግድያውም ብዙ ነው። ሥዕል ስለሆነ ብቻ የልጅ ነው ማለት አይደለም። እኔ ፊልሙን ወድጄዋለሁ፣ ቅዳሜም እመጣለሁ። ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን።

የሒርማታ_ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 2፡40

ልክ ነሽ እህቴ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናደርገዋለን። በሩ ላይም ለአዋቂ ብቻ ብዬ እለጥፋለሁ።

ከሊሙ_የመጣሁ · ሐሙስ ቀን 6፡30

እዚህ ጽፌ አላውቅም። ግን ስለ ቴር የአንገት ቀለበትና ስለ ቲዋ መማሪያ ማንም ስላላነሳ ልጽፍ ነው።

ላላዩት፦ የድራግ ልጆች ትምህርት ቤት አይሄዱም። ግንባራቸው ላይ አንድ የብረት ቀለበት ያስራሉ። ትምህርቱ በቀጥታ ወደ ጭንቅላታቸው ይገባል። ቲዋ ስትማር ቴርን እጇ ላይ ታስቀምጠዋለች። የቴር የአንገት ቀለበት ትንሽ እንከን ነበረበት። በዚያ የተነሳ ለእሷ የሚገባው ትምህርት ለእሱም ይገባል። ማንም አላወቀም። እሷ ትሰለቻለች፣ እሱ ግን ዓይኑን ፈጦ ይሰማል።

እኔ ከሊሙ ወደ ጅማ የመጣሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ዘመድ ቤት ነው የተባልኩት። ያስተምሩሻል ተብዬ ነበር፣ ሥራ ሆነ። ለቤቱ ልጆች አስጠኚ ይመጣላቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ። ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ በረንዳው ላይ ምስር እለቅማለሁ። በሩ ክፍት ነው። አስጠኚው ሀ ሁ ሲል ልጆቹ ይከተላሉ። እኔ በልቤ እከተላለሁ። ፊደሉን ግን አላየውም ነበር፣ ድምፁን ብቻ ነው። አንድ ቀን የተጣለ የደብተር ወረቀት አገኘሁ። ሀ ሁ ሂ ተጽፎበታል። በድምፅ የማውቀውን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ገጠምኩት። ምስሩን ትሪው ላይ ደርድሬ «በ» ጻፍኩ። ሰው ሲመጣ በእጄ በተንኩት።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ትወደኝ ነበር። ፀጉሬን ትሠራልኛለች። ልብሷን ታለብሰኛለች። እንግዳ ሲመጣ «ዝፈኝ» ትለኛለች። ከዚያ አደገች። ጓደኞች አገኘች። እኔ ከእሷ ዓይን ጠፋሁ። ልክ እንደ ቲዋ ነው። ክፉ አልነበረችም።

ቴር የመማሪያውን ቀለበት እየጎተተ ሲያመልጥ፣ ከቁመቱ የሚበልጠውን ብረት ሣር ውስጥ እየጎተተ ሲሮጥ፣ ሌሎች ፊልሙን ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። ዱር ያሉት ሰቦች ዘንድ ሲደርስ ጠንቋያቸው መጀመሪያ ይቃወማል። ከዚያ አንድ በአንድ ማንበብ ይማራሉ። ድራጎቹ በሚጽፉት ጽሑፍ «እዚህ ርጭት ይደረጋል» የሚለውን ግድግዳ ላይ ያነበበው ቴር ነው። ማንበብ ባይችል ሁሉም ተኝተው ባለቁ።

አሁን ነርስ ነኝ። ፊልሙን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።

የሒርማታ_ልጅ · ሐሙስ ቀን 7፡05

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። እባክሽ እህቴ፣ የቴርን ንግግር ስጨርስ አንቺ አንብቢልኝ። ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም።

ከሊሙ_የመጣሁ · ሐሙስ ቀን 7፡30

ላክልኝ። ማታ ተረኛ ስላልሆንኩ አየዋለሁ።

ጠጋኙ_መርካቶ · ሐሙስ ማታ 1፡10

ሠራ! የሒርማታ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አየው። ክልሉን ኤ ላይ አደረግነው፣ ዲስኩ ወዲያው ተነሳ። አንዴ መብራት ሄዶ ባትሪው ይዞልናል። አወይቱ ዳር እንዳለችው መስመሮቹን ቆጠርናቸው። ሁለት ደንበኛ ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ እስኪያልቅ ቆሞ አየ።

የሒርማታ_ልጅ · ሐሙስ ማታ 4፡20

አየሁት። መጨረሻውን አየሁት።

ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። የፋይሌ መጨረሻ ሰቦቹ ሮኬት ሲሠሩ ነበር። ወደ ጨረቃዋ ደረሱ። እዚያ ራስ የሌላቸው ግዙፍ ሐውልቶች ቆመዋል። የድራጎቹ ነፍስ በተመስጦ መጥታ እነዚያ ሐውልቶች ላይ ታርፋለች፣ ከሌላ ዓለም ከመጡ ነፍሶች ጋር ትጨፍራለች። ዘራቸው የሚቀጥለው በዚያ ነው። ጭንቅላት የሌላቸው ሐውልቶች ሁለት ሁለት ሆነው ሲሽከረከሩ፣ የጎራጌር ሙዚቃ ከሥር ሲመጣ፣ ጠጋኙም እኔም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። ሰቦቹ በጨረር መቷቸው። ሐውልቶቹ ሲሰባበሩ ድራጎቹ ደነገጡ፣ ከዚያ ነው እርቅ የመጣው።

እውነቱን ልናገር፣ እርቁ ፈጥኖብኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ የቆየ ጭካኔ በሁለት ደቂቃ ትረካ ነው የተዘጋው። አሥር ደቂቃ ቢጨመርለት እወድ ነበር። ሐውልቶቹ ግን ለዚህ ሁሉ ዓመት መጠበቄን ካሱልኝ።

ጋሽ_ጅሬን · ሐሙስ ማታ 4፡45

ድራጎቹ የታረቁት ስላዘኑ አይደለም። ስለፈሩ ነው። እኔ ፍጥነቱን የምረዳው እንዲህ ነው። የፈራ ሰው ረጅም ንግግር አያደርግም።

ቦሳ_ቤዝ · ሐሙስ ማታ 5፡00

ዲስኩ ላይ ሌላ ምን አለ?

የሒርማታ_ልጅ · ዓርብ ጠዋት 1፡50

ላሉና ቶፖር ከዚህ በፊት አብረው የሠሯቸው ሁለት አጫጭር ፊልሞች አሉ። ሌ ዜስካርጎ የሚባለውን እናቴ ቁጭ ብላ አየችው። ቃል የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰብታይትል አላስፈለገም። አንድ ገበሬ የተከለው አትክልት አልበቅል ይለዋል። ተስፋ ቆርጦ ያለቅሳል። እንባው ያረፈበት ቦታ አትክልቱ ያድጋል። ከዚያ ለማልቀስ ያልሞከረው ነገር የለም። አትክልቱ ቤት ያክላል። ቀንድ አውጣዎች መጥተው ይበሉታል፣ እነሱም ቤት ያክላሉ፣ ከተማ ያፈርሳሉ። እናቴ ጓሮ ያለውን ጎመኗን አየት አድርጋ «ማልቀስ ነበረብኝ ማለት ነው» አለች።

ስለ ላሉ የተሠራ ዘጋቢ ፊልምም አለ። ቀጣዩን ረጅም ፊልሙን በ1982 ሞቢየስ ከሚባለው ፈረንሳዊ የኮሚክ ሠዓሊ ጋር ሠራ። ጋንዳሃር የሚባለውን የመጨረሻውን ደግሞ ፒዮንግያንግ ውስጥ ነው ያሣለው። እነዚያን ለሌላ ቀን።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ሒርማታ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። በርጩማ ያለው በርጩማውን ይዞ ይምጣ። ቡና እናቴ ታፈላለች። ብርድ ልብስ አትርሱ፣ ከዝናብ በኋላ ይቀዘቅዛል። የሰብታይትሉን ፋይል ብቻ እዚህ እለጥፋለሁ፣ ፊልሙን አላባዛም።

የሐያት_እናት · ዓርብ ጠዋት 2፡05

ቆሎ ከእኔ።

ከሊሙ_የመጣሁ · ዓርብ ቀን 8፡15

ፋይሉን አየሁት። ብዙው ጥሩ ነው። ቴር ከቲዋ ጋር ስላሳለፈው ጊዜ ሲተርክ «አስተማረችኝ» ብለህ ጽፈሃል። ሁለት ቦታ ነው። ቲዋ አላስተማረችውም። «ሰማሁ» በለው።

የሒርማታ_ልጅ · ዓርብ ቀን 8፡22

ሁለቱንም ቀየርኳቸው።